«ኦሰም» ማለት «ጥቂት ፍርሃት» አይደለም፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኦሰም» (ዛሬ «በጣም ጥሩ») እና «ኦፉል» (ዛሬ «በጣም መጥፎ») የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ከአንዲት አጭር ቃል የተወለዱ ናቸው፤ ኤ፣ ደብሊው፣ ኢ ተብላ ከምትጻፈውና ፍርሃትና አድናቆት የተቀላቀሉበትን ስሜት ከምትገልጸው «ኦው»። ስለዚህች ቃል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጽሑፉ አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ቃሉ ሰው ተገርሞ አፉን ሲከፍት ከሚያወጣው ድምፅ የመጣ ስለሆነ ከእኛው «አዎ» እና ከግዕዙ «አው» ጋር ዘመድ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ ንጹሕ አድናቆት ነበር፤ ፍርሃት የተጨመረበት በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ «ኦሰም» ጥቂት ፍርሃት፣ «ኦፉል» ሙሉ ፍርሃት ማለት ነው፤ ለዚህም አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ስለ ለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የተናገረው ምስክር ይሆናል። አራተኛ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 4 ላይ ይህን ቃል «ተቆጡ» ብሎ በመተርጎም ተሳስቷል። አምስተኛ፣ ቃሉን ለምግብና ለጫማ ማዋል የ1980ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች ያመጡት ብልሽት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ «ድንቅ» ካልን ሁሉንም ይሸፍንልናል።

አምስተኛው ግማሽ እውነት አለበት። የቀሩት አራቱ አይቆሙም። በየተራ እንያቸው፤ ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ድምፁ

ጸሐፊው ቃሉን ከዛሬ አጠራሩ ይጀምራሉ። ስህተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። የዛሬው እንግሊዛዊ ይህን ቃል ሲጠራ የሚሰማው ረዘም ያለ «ኦ» ብቻ ነው፤ መሐል ላይ ያለችው ደብሊው አትነበብም። ስለዚህ አፍ ከፍቶ ከመገረም ድምፅ ጋር ማመሳሰሉ ያጓጓል። ግን ያቺ የማትነበብ ደብሊው ለጌጥ አልተቀመጠችም። አንድ ዘመን በእሷ ቦታ «ገ» ነበረች።

የቃልን ሥር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ እንዴት ይጠራል?» ብሎ ሳይሆን «ጥንት እንዴት ተጽፎ ተገኘ?» ብሎ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ በ«አግሄ» እና በ«አዌ» መልክ ይገኛል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው አናባቢም ያኔ ትነበብ ነበር። ቀጥሎ የሚጠየቀው ይህ የ«ገ» ወደ «ወ» መለወጥ በዚህ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ ነገር ነው ወይስ በሌሎችም ላይ የሚለው ነው። መልሱ ያለ ጥርጥር በሌሎችም ነው። መጋዝ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳጉ» ነበር፤ ዛሬ «ሶው» ነው። መጎተት «ድራጋን» ነበር፤ ዛሬ «ድሮው» ነው። ሕግ «ላጉ» ነበር፤ ዛሬ «ሎው» ነው። በሦስቱም ውስጥ እንደ «አ» እና «ኡ» ባሉ አናባቢዎች መካከል የወደቀችው «ገ» መጀመሪያ እንደ ዓረብኛው «ገይን» ላልታ፣ ከዚያ ወደ «ወ» ተንሸራተተች፣ በመጨረሻም ከፊቷ ካለው አናባቢ ጋር ተዋጠች። የእኛም ቃል የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የጥንቱ እንግሊዝኛ ለፍርሃት የራሱ ቃል ነበረው፤ «ኤጌ» ተብሎ ይጻፋል። ታዲያ «ኦው» ከእሱ ወጣ ብሎ መደምደም ያስኬዳል? አያስኬድም። ምክንያቱም «ኤ» እና «ኢ» የመሰሉ አናባቢዎች ሲከቧት «ገ» የምትለወጠው ወደ «የ» ነው። መንገድ «ዌግ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ «ዌይ» ነው። ቀን በ«ገ» ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ «ዴይ» ነው። ዓይንም እንዲሁ በ«ገ» ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ «አይ» ነው። «ኤጌ» ሳይቋረጥ ዛሬ ቢደርስ ኖሮ መጨረሻው «የ» ይሆን ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የተገኘውም «ኤየ» የመሰለ ቅርጽ ነው። የዛሬው ቃል ግን የሚጻፈው በ«ወ» ነው። ስለዚህ የመጣው ከአገሬው «ኤጌ» ሳይሆን «አ» ከያዘው ወንድሙ፣ ከጥንታዊው ኖርስ፣ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የድሮ ቋንቋ፣ «አጊ» ነው።

ኖርሶች ከየት ገቡ ለሚል፣ ታሪኩ የተመዘገበ ነው። ታላቁ የዴንማርክ ጦር ምሥራቅ እንግሊዝ የደረሰው በ865 ነው። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ኤዲንግተን ላይ ካሸነፈ በኋላ ከዴንማርኮቹ መሪ ከጉትሩም ጋር ድንበር ተከለለ፤ ከድንበሩ ሰሜንና ምሥራቅ ያለው አገር በኖርስ ተናጋሪዎች እጅ ቀረ። የሁለቱ ሕዝቦች ቋንቋ ተቀራራቢ ስለነበር ተጎራብተው፣ ተጋብተው፣ ገበያ ላይ ተገናኝተው ቃል ተለዋወጡ። «እነሱ» የሚለው ተውላጠ ስም፣ ቢላዋ፣ ሰማይ፣ መስኮትና እንቁላል በእንግሊዝኛ የኖርስ ስም የያዙት በዚህ ዘመን ነው። የእንቁላሉ ነገር ለቃላችን ከሁሉም የቀረበ ምሳሌ ነው። አገሬው «ኤይ» ይል ነበር፣ ብዙ ሲሆን «ኤይረን»፤ ኖርሱ «ኤግ»። ሁለቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። አታሚው ዊልያም ካክስተን በ1490 ባሳተመው መቅድም ላይ እንደሚተርከው፣ ነፋስ ያጡ ነጋዴዎች ኬንት ዳርቻ ላይ ከመርከብ ወርደው አንዱ «ኤግስ» ስጡኝ ብሎ ቢጠይቅ ባለቤቲቱ ፈረንሳይኛ አልችልም ብላ መለሰችለት፤ ሰውየው ግን እሱም ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበርና ተቆጣ። «ኤይረን» ያለው ሲመጣ ነው የገባት። በፍርሃት ቃልም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ አገሬውና መጤው ተፎካከሩ፣ መጤው አሸነፈ።

«አዎ» እና «አው»ን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የግዕዙ «አው» ትርጉሙ «ወይም» ነው። ከ«ወይም» ወደ ፍርሃት የሚያሻግር ድልድይ የለም። ከዚህም በላይ ዘመድ የተባለው የዛሬው «ኦ» ከሺህ ዓመት በፊት «አጊ» ስለነበር፣ ዝምድና የሚፈልግ ሰው ማነጻጸር የሚገባው «አጊ»ን ነው። ድምፅና ትርጉም ሁለቱም ገጥመው እንኳ ግጥምጥሞሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። በፋርስኛ «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም መጥፎ «ባድ» ነው፤ ሁለቱ አይዛመዱም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ይነገር በነበረው የምባባራም ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ እሱም ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም የለውም።

አድናቆት ነበር ወይስ ፍርሃት

ይህ የጽሑፉ ዋና ነጥብ ነው፤ ነገሩም የተገላቢጦሽ ነው። ቃሉ በጥንት መዛግብቱ ሁሉ ፍርሃት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ጎቲክ ወደሚባለው የጥንት ጀርመናዊ ቋንቋ በተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ «አጊስ» የሚለው ቃል የሚያገለግለው የግሪኩን «ፎቦስ»፣ ማለትም ፍርሃትን ለመተርጎም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጎደስ ኤጌ» ማለት ቁርጥ የእኛ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ነው። እንግሊዝኛ፣ ኖርስና ጎቲክ ካሉበት ከጀርመናዊው የቋንቋ ቤተሰብ ወጣ ብሎ ቢታይም፣ የሩቅ ዘመድ ሆኖ የሚቀርበው የግሪክኛው «አኾስ» ሐዘንና ጭንቀት ነው። ደስታ የሚባል ነገር በየትም አልታየም።

የቃሉን የድሮ ፊት ዛሬ ማየት የሚፈልግ ወደ ስካንዲኔቪያ መሻገር ነው። በአይስላንድ ቋንቋ «አጊ» ዛሬም ሕያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሥነ ሥርዓት፣ ዲሲፕሊን ነው። በዴንማርክ ደግሞ አንድን ሰው «በአቨ መያዝ» ማለት ልጓም አጥብቆ መያዝ ነው። በስዊድን «አጋ» ልጅን ለቅጣት መምታት ነው፤ በ1979 አገሪቱ ከዓለም ቀድማ በሕግ የከለከለችው ይህንኑ ነው። ስቶክሆልም ልጅ ያሳደጉ ሐበሾች ቃሉን ከመዋዕለ ሕፃናት ስብሰባ ያውቁታል፤ የ«ኦሰም» የአጎት ልጅ መሆኑን ግን ማን ይገምታል። ፍርሃት፣ ከፍርሃት የሚመጣ መገዛት፣ መገዛትን የሚያመጣ ዱላ፦ ሰሜኖቹ የሄዱት በዚህ በኩል ነው።

እንግሊዝኛ በሌላ በኩል ሄደ። መታጠፊያው ቃሉ ከሃይማኖት ጋር መጣበቁ ነው። የሚፈራው አምላክ ሲሆን ፍርሃቱ ከአክብሮት አይለይም። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን 3 ጊዜ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ሦስቱም በመዝሙር ውስጥ፣ 4:4፣ 33:8 እና 119:161 ላይ። በቁጥር ትንሽ ናቸው፤ ግን መዝሙር በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበብ ነውና የቃሉን ጠረን ወሰኑት። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህንኑ ስሜት ከመቅደስ አውጥተው ለተራራ፣ ለማዕበልና ለገደል ሰጡት። ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው ጥናቱ የልዕልና ስሜት ምንጩ ሽብር እንደሆነ ተከራክሯል፤ አደጋው ከራቀህ ግን ያው ሽብር ደስታ ይሆናል ይላል። አድናቆት ወደ ቃሉ የገባው በዚህ ሁሉ መንገድ ቀስ እያለ ነው እንጂ በመነሻው አልነበረም።

ፍርሃቱ ዛሬም ጨርሶ አልወጣም። በ1996 ሃርላን ኡልማንና ጄምስ ዌድ ለአሜሪካ ጦር ያቀረቡት፣ በመጋቢት 2003 በኢራቅ ጦርነት መክፈቻ በየዜናው የተሰማው «ሾክ ኤንድ ኦው» የሚባለው የውጊያ ስልት ይህንኑ ቃል ይዟል። ባግዳድ ላይ ሚሳይል ሲዘንብ የታሰበው ሕዝቡ እንዲያደንቅ አልነበረም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት በ2003 ስሜቱን ሲተነትኑም ሁለት ነገር አስቀመጡ፦ ከራስ እጅግ የሚበልጥ ነገር መኖሩ፣ እና አእምሮ ባለው ሣጥን ውስጥ ሊከተው አቅቶት ሣጥኑን ለማስፋት መገደዱ። ሥጋቱ እንደ ሁኔታው የሚጨመር ቅመም ነው አሉ። ተራ አድናቆት ግን ሁለቱንም አይጠይቅም፤ የጎረቤትን የእንጀራ ዓይን ለማድነቅ አእምሮ አይሰፋም።

«ጥቂት» እና «ሙሉ»

ይህኛው ቀልድ የተወለደው በራሱ በእንግሊዝኛ ነው፦ ጥቂት ሲሆን ጥሩ፣ ሙሉ ሲሆን መጥፎ የሚሆን ምን ነገር አለ እያሉ ይጫወቱበታል። ጸሐፊው ግን ቀልዱን እንደ ሥርወ ቃል ወስደውታል። በ«ኦሰም» መጨረሻ ላይ ያለችው ቅጥያ «ጥቂት» ማለት ከሆነው ቃል ጋር ዛሬ አንድ ዓይነት ትጻፍ እንጂ ያቺው ቃል አይደለችም። መለያው ጀርመንኛ ነው፤ እዚያ ቅጥያዋ «ዛም» ሆና ትገኛለች፣ «ላንግዛም» ሲሉ ዝግ ያለ ማለታቸው ነው። ሥራዋ ከስም ወይም ከቅጽል ጋር ተጣብቃ «ይህ ባሕርይ ያለበት» ማሰኘት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፤ ያንኑ ትርጉም በሌሎች ቃላት ላይ ማስገባት። «ሎንሰም» ብቸኝነት የተጫነው ሰው ነው፤ ጥቂት ብቸኛ አይደለም። «ሀንድሰም» ከእጅ የወጣ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ለእጅ የሚመች፣ ለመያዝ የሚቀል ማለት ነበር፣ ከዚያ ተስማሚ፣ ከዚያ መልከ መልካም ሆነ። በጸሐፊው ስሌት ግን መልከ መልካሙ ሰውዬ «ጥቂት እጅ» ሊሆን ነው።

«ኦፉል» በበኩሉ ሙሉ ፍርሃት የሚያሳድር ማለት ነበር፤ ስለ ዙፋን፣ ስለ ፍርድ ቀን ይነገር ነበር። ወደ መጥፎ የወረደው ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነው። በ1816 ቦስተን ላይ የታተመ የአሜሪካ እንግሊዝኛ የቃላት ስብስብ፣ የኒው ኢንግላንድ ሰዎች የማይጥም መድኃኒትን «ኦፉል» እንደሚሉ፣ ለወላጅ የማይታዘዝ ልጅንም በዚሁ ቃል እንደሚወቅሱ መዝግቧል። ከዚያ ወዲያ የፍርሃቱ ክብደት ጨርሶ ረገፈና ቃሉ እንደ «በጣም» ማገልገል ጀመረ፤ «ኦፉሊ ጉድ» ሲባል እጅግ ጥሩ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አዲስ አይደለም፦ «ክፉኛ ወደዳት» ስንል በፍቅሩ ውስጥ ክፋት አንፈልግም።

አሁን ወደ ንጉሡ። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ንጉሡ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን የሠራውን ካቴድራል አይቶ «አሚውዚንግ፣ ኦፉል፣ አርቲፊሻል» አለ፤ ያኔ ቃላቱ የሚመስጥ፣ ግርማው የሚያስፈራ፣ በጥበብ የተሠራ ማለት ስለነበሩ ሬን ተደሰተ። የቃላቱ የድሮ ትርጉም እውነት ነው። ታሪኩ ግን ባለቤት የለውም። አንዱ ቻርልስ ዳግማዊ ነው ይላል፣ ሌላው ጄምስ ዳግማዊ፣ ሌላው ንግሥት አን። የድሮው ካቴድራል የተቃጠለው በ1666 ነው፤ የአዲሱ ግንባታ በ1675 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ጸሎት የተደረገበት በ1697፣ ተጠናቀቀ የተባለው በ1711 ነው። ቻርልስ በ1685 ሞተ፣ ጄምስ በ1688 አገር ጥሎ ሸሸ፤ ሁለቱም ያለቀ ካቴድራል አላዩም። ለአን ዘመኑ ቢመችም ከዘመኑ ሰው የተጻፈ ምስክር አልቀረበም። በእርግጥ በጽሑፍ ያለው የ1675ቱ የቻርልስ ትእዛዝ ነው፤ ንጉሡ የቀረበለትን ንድፍ «አርቲፊሻል»፣ ተገቢና ጠቃሚ ሆኖ እንዳገኘው ይገልጻል። ከሦስቱ ቃላት አንዷ እዚህ አለች፤ «ኦፉል» ግን የለችበትም።

መዝሙር 4

ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን መዝሙር 4:4 ከአማርኛው ጋር አስተያይተው፣ እንግሊዝኛው «በፍርሃት ቁሙ፣ ኃጢአትም አታድርጉ» በሚልበት ቦታ አማርኛው «ተቆጡ» ማለቱን አገኙ። ማስተዋላቸው ጥሩ ነው። ፍርዳቸው ግን አማርኛው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ይመስል ነው።

በዕብራይስጡ ያለው ግሥ «ራጋዝ» ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ መናወጥ። የሚያንቀጠቅጠው ፍርሃትም ቁጣም ሊሆን ይችላል፣ ዕብራይስጡ አይለይም። ከክርስቶስ ልደት በፊት መጽሐፉን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች ቁጣን መረጡ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በ4:26 ላይ የግሪኩን ቃል እንዳለ አስገባው፤ «ተቆጡ፣ ኃጢአትም አታድርጉ» የሚለው ከዚያ ነው የሚታወቀው። የግዕዙ መዝሙረ ዳዊትም የተተረጎመው ከግሪክ ስለሆነ ቁጣውን ወረሰ፤ አማርኛውም በዚሁ መስመር ቆመ። የ1611ዱ እንግሊዛውያን በአንጻሩ ወደ ዕብራይስጡ ተመልሰው ከመንቀጥቀጡ ፍርሃቱን መረጡ። አንዱ ግሥ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ እንጂ የተሳሳተ የለም። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ሁለቱ ትርጉሞች የጋራ ምንጫቸው የት እንደሆነ ማየት አለበት፤ አንዱን የሌላው መለኪያ ማድረግ ሁልጊዜ እንዲህ ያሳስታል።

ስለ ብልሽቱና ስለ «ድንቅ»

«ኦሰም» በጽሑፍ የታየው በ1590ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው፤ ያኔ ፈሪሃ ያደረበትን ሰው ይገልጽ ነበር። በ1670ዎቹ ፍርሃትን የሚያሳድረውን ነገር መግለጽ ጀመረ። የላላው፣ «በጣም ጥሩ» የሚለው አጠቃቀም በ1961 ተመዝግቧል፤ ከ1980 ወዲህ ደግሞ በየአፉ ገባ። ስለዚህ ጸሐፊው 1980ዎቹ ማለታቸው ስለ መስፋፋቱ ልክ ነው፤ ስለ መወለዱ አይደለም።

ብልሽት የሚለው ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያው ብልሽት ከሆነ በእኛም አፍ አለ። የግዕዙን «ገረመ» እንውሰድ። ትርጉሙ አስፈራ፣ አስደነገጠ ነው። «ግሩም» የሚያስፈራ፣ «ግርማ» ፍርሃት የሚያሳድር ክብር ነው። መዝሙር 91:5 ላይ «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም የሚለው የሌሊትን ውበት አይደለም፤ ሰው በጨለማ የሚወርረውን ድንጋጤ ነው። መዝሙር 139:14 ላይ ዳዊት «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ» ሲል፣ የ1611ዱ እንግሊዝኛ በ«ግሩም» ቦታ ያስቀመጠው «በሚያስፈራ ሁኔታ» የሚለውን ቃል ነው። በሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው መቀመጥ ውስጥ የጸሐፊው መልስ አለ፦ «ግሩም» እና «ድንቅ» አንድ ቢሆኑ ኖሮ ዳዊት ሁለቴ አይልም ነበር። ዛሬ ግን ግሩም ወጥ፣ ግሩም ጫማ፣ ግሩም ፎቶ እንላለን፤ ማንም ወጡን ፈርቶ አይሸሽም። ወጣቱም ጎበዝ ተጫዋች ሲያይ «አደገኛ ነው» ይላል። ፈረንሳዮች «ፎርሚዳብል» ሲሉ በላቲን ፍርሃት የነበረውን ቃል ለምስጋና ማዋላቸው ነው። ፍርሃትን አጥፎ ለማሞገስ መጠቀም በሳንፍራንሲስኮ አልተፈለሰፈም።

«ድንቅ» ሁሉንም ይሸፍናል የሚለው ደግሞ ተርጓሚን ወደ ገደል የሚመራ ምክር ነው። እንግሊዝኛ ለመገረም ያሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ከሌላ በር የገቡ ናቸው። «አስቶኒሽ» ከላቲን የነጎድጓድ ቃል ነው፤ መብረቅ እንደመታው ሰው መደንዘዝ። «አሜዝ» ራስን የሚያዞር ምት ነው፤ መውጫው የሚጠፋበት የጠመዝማዛ መንገድ መጠሪያ «ሜዝ» ዘመዱ ነው። «ሰርፕራይዝ» ከፈረንሳይ የመጣ የውጊያ ቃል ነው፤ ጠላትን ሳያስብ ላዩ ላይ መውደቅ። «ማርቭል» ከላቲን «ሚራቢሊያ» ነው፤ መስተዋት ማለት የሆነው «ሚረር»ም ከዚሁ ቤት ነው፣ ሁለቱም ዓይንን አፍጥጦ ከማየት ይነሳሉ። የእኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። «መንክር» ከ«ነኪር» ጋር አንድ ሥር ነው፤ እንግዳ፣ ባዕድ የሆነ ነገር። «ተአምር» ከ«አመረ» ነው፤ ምልክት። «ዕፁብ» መሠረቱ አስቸጋሪ፣ ለአእምሮ የከበደ ማለት ነው። «ተደመመ» ፈዝዞ ዝም ማለት አለበት። ይህን ሁሉ በ«ድንቅ» መጠቅለል ጤፍና ሽምብራን በአንድ ወንፊት እንደመንፋት ነው።

ስለዚህ «ኦው»ን የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላት ከመክፈቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ነገር ይጠይቀው፦ የሚሰማው ሰው ከፊቱ ካለው ነገር ያንሳል ወይ? ሥጋትስ አለበት? ሁለቱም ካሉ «ግርማ» እና «ፈሪሃ» ናቸው። ልጅ አባቱን «በኦው» ያየዋል ከተባለ፣ «በአባቱ ይደነቅ ነበር» ቢባል አንባቢ የአባትየውን ችሎታ ያስባል፤ የተባለው ግን «አባቱን ይፈራና ያከብር ነበር» ነው። ማነሱ ኖሮ ሥጋቱ ከሌለ፣ ለምሳሌ በክዋክብት ለተሞላ ሰማይ፣ «ተደመመ» ወይም «አፉን ከፍቶ ቀረ» ይበቃል። «ሾክ ኤንድ ኦው»ን «ድንጋጤና አድናቆት» ማለት የተደበደበውን ሕዝብ አጨብጫቢ ማድረግ ነው፤ «በድንጋጤና በፍርሃት ማሽመድመድ» ይቀርባል። ማነሱም ሥጋቱም ከሌሉ ቃሉ ደብዝዟልና ክብደት አይጨመርበት፤ «ኦፉሊ ሶሪ» «በጣም ይቅርታ» ነው። በስልክ መልእክት ላይ «ነገ እመጣለሁ» ለሚለው «ኦሰም» ተብሎ ለተመለሰው ደግሞ «ዕፁብ ድንቅ» አያስፈልገውም፤ «አሪፍ» ነው።